መርከብ ሲዘገይ ማን ይቅደም? የወደብ ተራና ቀጠሮ ታሪክ

ውሃ ለመቅዳት ወደ ምንጭ የወረደ፥ እህሉን ለማስፈጨት ወደ ወፍጮ ቤት የሄደ፥ አቤቱታውን ለማሰማት በዳኛ ደጅ የቆመ ሰው ሁሉ ተራ ማለት ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ተራ ሳይጻፍ የሚከበር ሕግ ነው። ሀብታሙም ድኻውም በመጣበት ሰዓት ይሰለፋል፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይሄዳል፤ ኋላ የመጣም ይታገሣል። ዳሩ ግን የወፍጮው ሞተር ድንገት ቢሰበርና እስኪጠገን ድረስ ሁለት ቀን ቢያልፍ፥ በሦስተኛውም ቀን የሁለቱ ቀን ባለ እህልና የዕለቱ ባለ እህል በአንድነት ቢመጣ፥ ተራው እንዴት ይጠበቃል? ልጆቹ በቤት የሚያለቅሱበት ሰው አንድ ቁና ይዞ ቆሞ ሳለ፥ ዐሥር ጆንያ ያመጣው ነጋዴ ቀድሞ ስለ ደረሰ ብቻ ቀኑን ሙሉ ያስፈጫልን? ይህ ጥያቄ ትንሽ ይመስላል እንጂ፥ በዓለም ታላላቅ ወደቦች የብዙ አገር ሀብትና የብዙ ሕዝብ ቀለብ የተንጠለጠለበት ጥያቄ ነው።

ወደብ የአገር ደጅ ነው። በዚህ ደጅ የሚገቡት እንግዶች መርከቦች ሲሆኑ፥ ማረፊያቸውም በወደቡ ግንብ ጥግ የተዘጋጀላቸው የመርከብ ማሠሪያ ነው። ማሠሪያው ጥቂት፥ መርከቡ ግን ብዙ ስለ ሆነ፥ ማን መቼና የት እንደሚታሠር የሚወስን ሕግ የግድ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ፥ ይህ ሕግ በጥንት ጊዜ ምን እንደ ነበረ፥ ኮንቴይነር የተባለው የብረት ሣጥን እንዴት እንደ ለወጠው፥ ድንገተኛ መሰናክል ቀጠሮውን ባፈረሰም ጊዜ የወደብ ኀላፊዎች ምን እንዳደረጉና ከዚህም ምን ትምህርት እንደሚገኝ በአጭሩ እናመለክታለን። የሚጠቀሰው ዘመን፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የጥንቱ ልማድ

መርከብ በሸራ ትሄድ በነበረበት ዘመን የመድረሻዋን ቀን በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም። ነፋስ ቢመች በአንድ ወር የሚፈጸመው መንገድ፥ ነፋስ ቢጠፋ ሁለትና ሦስት ወር ይፈጅ ነበር። ስለዚህ የወደብ ሹም ቀጠሮ ለመስጠት ቢያስብ እንኳ አይሆንለትም ነበርና፥ ሥራው በደጁ የደረሰችውን መርከብ በደረሰችበት ተራ ማስገባት ነበረ። እንደየአገሩ ልማድ የጦር መርከብ፥ የመንግሥት መልእክት የያዘች መርከብ፥ ወይም ቶሎ የሚበላሽ ጭነት ያላት መርከብ ትቀድም ይሆናል፤ የቀረው ሁሉ ግን መልሕቁን ጥሎ ይጠብቃል።

በ19ኛው መቶ ዓመት የእንፋሎት ኀይል ሸራን ሲተካ፥ በ1869 ዓ.ም.ም የሱዌዝ ቦይ ሲከፈት፥ የባሕር መንገድ በቀን ሊቈጠር ቻለ። ነገር ግን የወደቡ ሥራ እንደ ጥንቱ ቀረ። ጭነቱ በጆንያ፥ በበርሜል፥ በጥቅልና በሣንቃ ሣጥን ተከፋፍሎ በሰው ትከሻ ይወጣና ይወርድ ስለ ነበር፥ አንዲት መርከብ ለማራገፍና ለመጫን ብዙ ቀን፥ አንዳንድ ጊዜም ሳምንታት ትቈይ ነበር። በዚህም ምክንያት መርከብ ከዕድሜዋ ከፍ ያለውን ክፍል በባሕር ላይ ሳይሆን በወደብ ታስራ ታሳልፍ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ቀን መዘግየት እንደ ጕዳት አይቈጠርም፤ የቀደመ ይቀድማል የሚለውም ሕግ ለሁሉ በቂ ነበረ።

የብረቱ ሣጥን

ይህን ልማድ የለወጠው ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ የጭነት መኪና ባለሀብት ነው። በአፕሪል 26 ቀን 1956 ዓ.ም. «አይዲያል ኤክስ» የተባለች፥ ቀድሞ ነዳጅ ትጭን የነበረች መርከብ፥ 58 የብረት ሣጥኖች በጀርባዋ አሳፍራ ከኒው ጀርሲ የኒውአርክ ወደብ ተነሥታ ወደ ቴክሳስ የሂውስተን ወደብ ሄደች። የማክሊን ባለሙያዎች ወጪውን ሲያሰሉ፥ በቀድሞው ልማድ አንድ ቶን ጭነት ለመጫን 5 ዶላር ከ83 ሳንቲም ያህል ሲያስፈልግ፥ በሣጥኑ ግን 16 ሳንቲም እንኳ እንደማይሞላ አገኙ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፥ በ1966 ዓ.ም.፥ የእርሱ ኩባንያ መርከብ አትላንቲክን ተሻግራ በሆላንድ የሮተርዳም ወደብ ሣጥን አራገፈች። ብዙም ሳይቈይ የሣጥኑ ልክ በዓለም አቀፍ ስምምነት 20 እና 40 ጫማ ሆኖ ሲወሰን፥ አንዱ አገር የሞላውን ሣጥን ሌላው አገር ሳይከፍት በመርከብ፥ በባቡርና በመኪና ሊያሳልፈው ተቻለ።

ሣጥኑ የትከሻን ሥራ ወደ ክሬን ሲያዛውር የጊዜንም ዋጋ ለወጠው። ቀድሞ ሳምንት ይፈጅ የነበረው ሥራ በሰዓታት የሚያልቅ ከሆነ፥ አንድ ቀን ቆሞ መጠበቅ ከሥራው ራሱ የሚበልጥ ኪሣራ ነው። መርከቦቹም ከዓመት ዓመት እየገዘፉ ስለ ሄዱ፥ የአንዷ የዕለት ወጪ እጅግ ከባድ ሆነ። ከዚህ የተነሣ የመርከብ ኩባንያዎች እንደ ባቡር ሁሉ ሳምንታዊ የጊዜ ሠሌዳ አወጡ፤ ከወደቦችም ጋራ ተዋውለው፥ ለምሳሌ ያህል፥ ዘወትር ማክሰኞ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ረቡዕ ማታ ድረስ ይህ ማሠሪያ የእኔ ነው የሚል ቀጠሮ ያዙ። እንዲህም ሆኖ የጥንቱ ተራ ለቀጠሮ ቦታውን ለቀቀ።

አንባቢ ይህ ቀጠሮ ምን ያህል ጥልፍልፍ እንዳለው ይመልከት። መርከቧ ከመድረሷ ከብዙ ቀን በፊት በእርስዋ የሚጫነው ሣጥን ወደ ወደቡ ግቢ ገብቶ፥ እርስዋ ልትታሠር በታሰበችበት ግንብ አጠገብ፥ ከባዱና ቀላሉ፥ ቅርብና ሩቅ የሚሄደው ተለይቶ ይከመራል። ክሬኖቹና ሠራተኞቹ በሰዓት ይመደቡላታል። ጭነቱን የሚረከቡት መኪናዎችና ባቡሮች በዚያው ቀን ይጠራሉ። ከትልቋ መርከብ ጭነት ተቀብለው ወደ ትንንሽ ወደቦች የሚያደርሱ መጋቢ መርከቦችም ሰዓታቸውን በእርስዋ ይቈርጣሉ። እንግዲህ አንድ ሺህ ሣጥን የተዘጋጀላት መርከብ ከታሰበላት ግንብ ግማሽ ኪሎ ሜትር ርቃ እንድትታሠር ቢታዘዝ፥ የወደቡ መኪናዎች በደርሶ መልስ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጨማሪ መንገድ ይሄዳሉ ማለት ነው። አንድ ቀጠሮ ሲነካ የሚነካው ብዙ ነው።

ሒሳብና ፍትሕ

አሁን አንዲት መርከብ በማዕበል ምክንያት ዘገየች እንበል። የወደቡ ኀላፊ በእጁ ያለው መላ የታወቀ ነው። ክሬን ጨምሮ ሥራዋን ያፋጥናል፤ ወይም ከኋላዋ ያለችውን ያስቀድማል፤ ወይም ጭነቷን በከፊል ትታ እንድትሄድ ያደርጋል፤ ወይም ወደ ሌላ ማሠሪያ፥ ባይሆንም ወደ ጎረቤት ወደብ ይልካታል። ለአንዱ የተጨመረው ክሬን ግን ከሌላው የተወሰደ ነው፤ ለአንዱ የተሰጠውም ሰዓት እንዲሁ።

ነገሩ በምሳሌ ይገለጽ። በአንድ ማሠሪያ ሦስት መርከቦች ተሰበሰቡ። ፊተኛይቱ 3,000 ሣጥን የምታራግፍ ትልቅ መርከብ ናት፤ ሥራዋም 24 ሰዓት ይፈጃል። ሁለቱ ትንንሾች እያንዳንዳቸው 300 ሣጥን አላቸው፤ ለእያንዳንዳቸውም 6 ሰዓት ይበቃል። ትልቋ በጥቂት ደቂቃ ቀድማ ደርሳለችና በጥንቱ ተራ ብትገባ፥ አንደኛዋ ትንሽ መርከብ 24 ሰዓት፥ ሁለተኛዋም 30 ሰዓት ይጠብቃሉ፤ ድምሩ 54 ሰዓት ነው። ትንንሾቹ ቢቀድሙ ግን አንደኛዋ ምንም አትጠብቅም፤ ሁለተኛዋ 6 ሰዓት፥ ትልቋ 12 ሰዓት ትጠብቃለች፤ ድምሩ 18 ሰዓት ብቻ ይሆናል። ይህን ያየ ሰው ትንንሾቹ ይቅደሙ ይላል። ነገር ግን መጠበቁን በመርከብ ሳይሆን በሣጥን ብንቈጥረው ፍርዱ ይገለበጣል፤ ትልቋ ስትቀድም የሣጥኖቹ ጥበቃ 16,200 ሰዓት ሲሆን፥ ትንንሾቹ ሲቀድሙ 37,800 ሰዓት ይደርሳልና። ሦስተኛ ሰው ደግሞ ተነሥቶ፥ ከትንሿ መርከብ 300 ሣጥኖች መካከል በአንዱ ለሆስፒታል የሚሄድ መድኀኒት እንዳለ ቢናገር፥ ሁለቱም ሒሳብ መልስ የለውም።

ይህ ጥያቄ በዘመናችን የሊቃውንት ጥናት ሆኗል። በጃፓን የቆቤ የባሕር ንግድ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት አኪዮ ኢማይ ከባልደረቦቻቸው ጋራ በ2001 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፥ መርከቦች ገና እየደረሱ ሳሉ ማሠሪያ እንዴት እንደሚታደል በሒሳብ መንገድ አሳይተዋል። ከእርሳቸው በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች ደግሞ ሌላ ነገር አከሉ። ሠሌዳው በድንገተኛ ነገር ሲፈርስ፥ ከሁሉ የተሻለው አዲስ ሠሌዳ መጠበቂያውን ከሁሉ የሚያሳጥረው ብቻ አይደለም፤ ከፊተኛው ሠሌዳ በጥቂቱ ብቻ የሚርቀው ጭምር ነው አሉ። ምክንያቱም ፊተኛውን ቀጠሮ አምኖ ሣጥኑን የከመረ፥ መኪናውን የጠራ፥ ሠራተኛውን ያሰናዳ ሰው ብዙ ነውና፥ ለአንዱ ሁለት ሰዓት ለማትረፍ የሌላውን ዐሥር ቀጠሮ ማፍረስ ትርፍ አይባልም። ሒሳቡ ከብዙ ድካም በኋላ የደረሰበት ይህ ነገር፥ አባቶቻችን ቃል ይጠበቅ ሲሉ ካስተማሩት የራቀ አይደለም።

የቆቤ መከራ

ማሠሪያው ራሱ ሲጠፋ ምን ይደረጋል? በጃንዩዌሪ 17 ቀን 1995 ዓ.ም. ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ የቆቤን ከተማ ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። ከ6,400 የሚበልጥ ሰው አለቀ። ቆቤ በዚያን ጊዜ በኮንቴይነር ብዛት ከዓለም ወደቦች ስድስተኛ ደረጃ የያዘ ወደብ ነበረ። ትልልቆቹ ማሠሪያዎቹ ፖርት አይላንድና ሮኮ አይላንድ በተባሉት፥ ባሕር በአፈር ተሞልቶ በተሠሩ ደሴቶች ላይ ነበሩ። በመንቀጥቀጡ ጊዜ ይህ አፈር ከውሃ ጋራ ተቀላቅሎ እንደ ጭቃ ፈሰሰ፤ የማሠሪያውም ግንብ በብዙ ሜትር ወደ ባሕር ተገፋ፤ የክሬኖቹም እግር ተጣመመ። ለመሬት መንቀጥቀጥ ተብለው በልዩ ጥንካሬ የተሠሩ ጥቂት ማሠሪያዎች ብቻ ተረፉ፤ እነርሱም ለተጐዳው ሕዝብ የሚመጣውን እርዳታ ለማስገባት ዋሉ።

በዚያች ጧት ወደ ቆቤ የሚጓዙት መርከቦች ግን በባሕር ላይ ነበሩ። ስለዚህ ኦሳካና ዮኮሃማ፥ ከጃፓንም ውጭ የኮሪያው ቡሳንና የታይዋኑ ካኦሲዩንግ፥ የራሳቸውን ደንበኞች ቀጠሮ ሳያፈርሱ ለእነዚህ ስደተኞች መርከቦች በየማኸሉ ቦታ ማግኘት ነበረባቸው። ክፍት የነበረውን ሰዓትና ግንብ ፈልገው ተቀበሏቸው።

ጃፓኖች ወደባቸውን በሚያስደንቅ ትጋት በሁለት ዓመት ያህል መልሰው ሠሩ። ነገር ግን ግንቡ ሲመለስ መርከቡ ሁሉ አልተመለሰም። በተለይ ከመርከብ ወደ መርከብ ለመተላለፍ ብቻ ቆቤን ይረግጥ የነበረው የሌላ አገር ጭነት ቡሳንን ለመደ፤ ቆቤም የቀድሞ ደረጃውን ዳግመኛ አላገኘም። ከዚህ የምንማረው፥ ቀጠሮ የተሰበረበት እንግዳ ሌላ ቤት እስኪለምድ ድረስ ብዙ ጊዜ የማይፈጅበት መሆኑን ነው። ለወደብ ኀላፊ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከኋለኞቹ ዓመታት ይልቅ የከበሩ ናቸው።

መዝገቡ ሲጠፋ

በጁን 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የደረሰው መከራ ደግሞ ከዚህ ልዩ ነበር። ግንቡ ቆሟል፤ ክሬኑም ደኅና ነው፤ መርከቦቹም በደጅ ናቸው። ነገር ግን «ኖትፔትያ» የተባለው ተንኰል የኮምፒዩተር ቫይረስ የዴንማርኩን ታላቅ የመርከብ ኩባንያ የሜርስክን መዝገብ ሁሉ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አጠፋው። ኩባንያው በልዩ ልዩ አገር በሚያስተዳድራቸው ብዙ ወደቦች የትኛው ሣጥን የማን እንደ ሆነ፥ በየትኛው መርከብ እንደሚጫን የሚያውቅ ጠፋ። መኪናዎች በየወደቡ በር ተሰለፉ፤ ሠራተኞችም ወደ ወረቀትና እርሳስ ተመለሱ።

ኩባንያው 4,000 ያህል ታላላቅ ኮምፒዩተሮችንና 45,000 የሠራተኛ ኮምፒዩተሮችን በዐሥር ቀን ውስጥ እንደ አዲስ አቋቋመ፤ ኪሣራውም ከ250 እስከ 300 ሚልዮን ዶላር እንደሚደርስ ተገመተ። የሚያስገርመው፥ የመላው ኩባንያ የኮምፒዩተር መረብ መሠረት የሆነው መዝገብ ሳይነካ የተገኘው በጋና በነበረ በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ነው፤ እርሱም የተረፈው ቫይረሱ በመጣ ጊዜ በዚያ አገር መብራት ጠፍቶ ስለ ነበረ ነው። የቀጠሮ ሥር መዝገብ ነውና፥ መዝገቡን በሁለትና በሦስት ቦታ ያላኖረ ወደብ ግንቡ የብረት ቢሆን እንኳ ከአደጋ አይድንም።

ሁሉ በአንድ ቀን ሲመጣ

በማርች 23 ቀን 2021 ዓ.ም. 400 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት «ኤቨር ጊቭን» የተባለች መርከብ፥ ብርቱ ነፋስና አሸዋ በነበረበት ጧት፥ በሱዌዝ ቦይ ውስጥ በአግድም ተሰነቀረች። ወደ ሮተርዳም ትጓዝ የነበረችው ይህች መርከብ ቦዩን ስድስት ቀን ዘጋችው። በማርች 29 ቀን ስትላቀቅ ከ400 የሚበልጡ መርከቦች በሁለቱ ወገን ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በሕይወት ያሉ ከብቶችን የጫኑ ስለ ነበሩ፥ የግብጽ መንግሥት መኖና የእንስሳት ሐኪም ይልክላቸው ዘንድ ግድ ሆነ። የተጠራቀሙት መርከቦች አልፈው ያለቁት በአፕሪል 3 ቀን ነው።

ቦዩ ሲከፈት ብዙ ሰው ችግሩ አለቀ ብሎ ነበር። ለወደቦች ግን የጀመረው ያን ጊዜ ነው። በአውሮፓ ወደቦች አስቀድሞ ክሬኖች ሥራ ፈተው ቆሙ፤ ወደ ውጭ የሚላከውም ሣጥን መርከብ አጥቶ ግቢውን ሞላው። ቀጥሎ ግን በየሳምንቱ ተከፋፍለው ይመጡ የነበሩት መርከቦች በጥቂት ቀን ውስጥ በአንድነት ደረሱ። በዚህ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ ከባድ ነው። የዘገዩት መርከቦች ጥፋት የለባቸውም፤ ቦዩን የዘጉት እነርሱ አይደሉምና። ዳሩ ግን በዚያው ቀን ከአሜሪካ ወይም ከሌላ መንገድ በቀጠሮዋ የደረሰችውም መርከብ ጥፋት የለባትም። የሁለት ንጹሓን ክርክር ነው። በብዙ ወደቦች ውል የተለመደው ፍርድ፥ በቀጠሮዋ የመጣች ቀጠሮዋ ይጠበቅላት፤ የዘገየችም ክፍት ቦታ እስኪገኝ ትጠብቅ የሚል ነው። ይህ ፍርድ ለዘገየችው የጨከነ ይመስላል። ግን በቀጠሮ መምጣት ጥቅም የሌለው ከሆነ ነገ በቀጠሮ የሚመጣ አይኖርም። በእርግጥም በዚያው ዓመት፥ የኮሮና በሽታ ካመጣው ምስቅልቅል ጋራ ተደምሮ፥ በመጨረሻዎቹ ወራት ከዓለም የኮንቴይነር መርከቦች በቀጠሯቸው ቀን የሚደርሱት ከሦስት አንድ ያህል ብቻ ነበሩ።

ከሁለት ዓመት በኋላም በቀይ ባሕር መርከቦች በጥይትና በሚሳይል ስለ ተጠቁ፥ ብዙዎቹ በደቡብ አፍሪካ ዞረው መሄድ ጀመሩ። በ2024 ዓ.ም. የተዛባው ቀጠሮ በሲንጋፖር ላይ ተከማቸ። የሲንጋፖር ወደብ በዚህ ጊዜ ያደረገው ነገር ሊጠቀስ የሚገባው ነው፤ ሥራ አቁመው የነበሩትን የኬፔልን አሮጌ ማሠሪያዎች መልሶ ከፈተ። በሰላም ጊዜ ትርፍ መስሎ የታየው ግንብ በችግር ጊዜ መጠባበቂያ ሆነ።

ሕጉ ራሱ ሲያጣድፍ

በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ያሉት የሎስ አንጀለስና የሎንግ ቢች ወደቦች ታሪክ ደግሞ የተራ ሕግ ራሱ መከራ ሊያመጣ እንደሚችል ያሳያል። በ2020 ዓ.ም. መጨረሻ ከእስያ የሚመጣው ዕቃ እጅግ ስለ በዛ መርከቦች በደጅ ተከማቹ። በዚያን ጊዜ የነበረው ሕግ፥ መርከብ ከወደቡ 20 የባሕር ማይል ያህል ላይ ስትደርስ ተራ ትይዛለች የሚል ነበር። ሕጉ ቅን ነው፤ ነገር ግን ውጤቱ ጠማማ ሆነ። እያንዳንዱ ካፒቴን ተራ ለመቅደም ሰላማዊ ውቅያኖስን እየተጣደፈ፥ ነዳጅ እያቃጠለ ይሻገርና ደርሶ ሳምንታት ይቆማል። በጠባብ ሥፍራ ብዙ መርከብ መልሕቅ ሲጥል የጭሱ ብዛት በባሕር ዳር ያለውን ሕዝብ አስመረረ። በጃንዩዌሪ 25 ቀን 2021 ዓ.ም. በተነሣው ማዕበል የሁለት መርከቦች መልሕቅ ተጐትቶ በባሕር ውስጥ የተዘረጋ የነዳጅ ቧንቧ መታ፤ በኦክቶበር ወር ቧንቧው ተሰንጥቆ 25,000 ጋሎን ያህል ነዳጅ ወደ ባሕር ፈሰሰ።

ስለዚህ በኖቬምበር 16 ቀን 2021 ዓ.ም. ሕጉ ተለወጠ። ከዚያ ቀን ወዲያ መርከብ ተራ የምትይዘው ወደ ደጁ ስትደርስ ሳይሆን፥ ከመጨረሻው ወደብ ስትነሣ በሚሰላላት የመድረሻ ሰዓት ሆነ። ውቅያኖስ አቋርጠው የሚመጡት ከ150 የባሕር ማይል፥ በባሕሩ ዳርቻ ከሰሜን ወይም ከደቡብ የሚመጡትም ከ50 የባሕር ማይል ወዲያ እንዲጠብቁ ተደረገ። ወረፋው በአንድ ጊዜ አላጠረም፤ እንዲያውም በጃንዩዌሪ 9 ቀን 2022 ዓ.ም. 109 መርከቦች ተቈጠሩ። ነገር ግን አብዛኞቹ ከባሕሩ ዳርቻ ርቀው ነበሩ፤ ተራው የታወቀለት ካፒቴንም የሚጣደፍበት ምክንያት ስላልነበረው ቀስ ብሎ ይመጣል። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ወረፋው ተፈጸመ። ማሠሪያ አልተጨመረ፤ ባሕሩም አልሰፋ፤ በደጅ የነበረውን መጋፋት ያቀለለው ግን ሰው በቤቱ ሆኖ ተራውን እንዲያውቅ መደረጉ ነው።

በእኛ አገር

ኢትዮጵያ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የራስዋ የባሕር በር የሌላት አገር ብትሆንም፥ ወይም ስለ ሆነች፥ ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ ይነካታል። በሜይ ወር 1998 (በእኛ ግንቦት 1990 ዓ.ም.) ከኤርትራ ጋራ ጦርነት ሲነሣ፥ እስከዚያ ጊዜ አብዛኛው የአገሪቱ ጭነት ይገባበት የነበረው የአሰብ መንገድ በአንድ ጊዜ ተዘጋ። ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ለራሱና ለጥቂት ጭነት ተሰናድቶ የነበረ ወደብ የአንድን ታላቅ አገር ገቢና ወጪ ሊሸከም ተገደደ። ከጊዜ በኋላ በጅቡቲ የዶራሌ የኮንቴይነር ወደብ፥ በእኛም አገር የሞጆ ደረቅ ወደብ፥ ቀጥሎም ሁለቱን አገሮች የሚያገናኘው የኤሌክትሪክ ባቡር ተሠሩ። እነዚህ ሁሉ የዚያ ድንገተኛ ለውጥ ልጆች ናቸው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ከዚህም ይልቅ ልብ የሚነካው በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ የሆነው ነው። በ2015 ዓ.ም. ዝናብ ስለ ቀረ 10.2 ሚልዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው መሆኑ ተነገረ። መንግሥትና የእርዳታ ድርጅቶች ስንዴ ገዝተው በመርከብ አስመጡ። በዚያው ወራት ደግሞ ለሚመጣው ክረምት የሚሆነው ማዳበሪያ የሚገባበት ጊዜ ነበረ። ሁለቱም በሣጥን ሳይሆን በብትን የሚጫኑ ናቸው፤ ሁለቱም በወደቡ ላይ በጆንያ ይሞላሉ፤ ሁለቱም ያንኑ ማሠሪያና ያንኑ መኪና ይፈልጋሉ። መርከቦቹም በጅቡቲ ደጅ ተራ እየጠበቁ ተሰለፉ።

አንባቢ ራሱን በዚያ ኀላፊ ቦታ ያስቀምጥ። ስንዴው የዛሬ እንጀራ ነው፤ ቢዘገይ ሕፃን ይሞታል። ማዳበሪያው የከርሞ እንጀራ ነው፤ ዘር ከተዘራ በኋላ ቢደርስ ሳይደርስ እንደ ቀረ ይቈጠራል፤ ከርሞም ያው ረኃብ ይደገማል። ቀድሞ የመጣ ይቅደም ማለት በዚህ ጊዜ ፍርድ አይባልም፤ ፍርድን ለነፋስና ለማዕበል መተው ነው። መጠበቂያውን በሰዓት የሚያሰላውም ሒሳብ ሁለቱን ጭነት በአንድ ቶን ዋጋ ይመዝናቸዋል እንጂ ረኃብን አያውቅም። እዚህ ላይ የመርከብ ተራ የወደብ ሠራተኛ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የመንግሥት ምክር ጉዳይ ይሆናል።

ማጠቃለያ

እስከ አሁን የተመለከትነው ታሪክ በአራት ነገር ይጠቀለላል። አንደኛ፥ ቀጠሮ በፈረሰ ጊዜ የሚወጣው አዲስ ሠሌዳ ሊጠበቅ የሚቻለውን ፊተኛ ቃል ሁሉ መጠበቅ አለበት፤ ሁሉን አፍርሶ እንደ አዲስ መጀመር ብልኀት ቢመስልም ያልተጐዱትንም ይጐዳል። ሁለተኛ፥ ሲንጋፖር በኬፔል እንዳሳየችው፥ ጋናም ያለ ሐሳቧ እንዳስተማረችው፥ የማሠሪያም የመዝገብም መጠባበቂያ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፥ ተራ የሚጠብቅ ሁሉ ተራውን አስቀድሞ ይወቅ፤ የማያውቅ ይጋፋልና። አራተኛውና ዋናው፥ በችግር ቀን ማን እንደሚቀድም በደኅናው ቀን ተመክሮበት ይወሰን።

ይህ አራተኛው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። መርከቦቹ በደጅ ቆመው ሳለ የሚሰጥ ቅድሚያ፥ ቅን ቢሆን እንኳ፥ አድልዎ ይመስላል፤ ባለ ገንዘቡም፥ ባለ ወዳጁም፥ ባለ ሥልጣኑም የየራሱን ጭነት ይማልዳል። ማዕበሉ ሳይነሣ፥ ቦዩ ሳይዘጋ፥ ዝናቡም ሳይቀር የተጻፈ ሕግ ግን የማን መርከብ እንደሚጐዳ ወይም እንደሚጠቀም ገና አያውቅምና ፊት አያይም። መድኀኒትና የምግብ እህል ከየትኛው ጭነት በፊት እንደሚገቡ፥ ማዳበሪያ እስከ የትኛው ወር ድረስ ቅድሚያ እንዳለው፥ ለዘገየች መርከብ ስንት ሰዓት እንደሚታገሧት፥ ይህን ሁሉ የሚወስነውም ማን እንደ ሆነ በጽሑፍ ሊቀመጥ ይገባል። ጭነቷ በሌላ አገር ወደብ የሚራገፍላት አገር ደግሞ ይህን ከወደቡ ባለቤት ጋራ አስቀድማ ልትዋዋል ያስፈልጋታል። መርከቧ ከባሕሩ ማዶ ስትነሣ፥ በሞጆም መኪናውን አሰልፎ የሚጠብቀው ነጋዴ፥ በገጠርም ሞፈሩን ጠርቦ ዝናብ የሚጠብቀው ገበሬ፥ ተራቸው የት ላይ እንዳለ አስቀድመው ሊያውቁ መብታቸው ነው።